ከሸማ ጉድጓድ እስከ ስግደት፦ ያለ መድኃኒት የታከመ ሥር የሰደደ የወገብ ህመም

ለምን ይህን ጉዳይ መረጥኩ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 ወገቡን የሚያመው ሰው 619 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። በ2050 ደግሞ 843 ሚሊዮን ይሆናል ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ታሪክ ብርቅ አይደለም። የመረጥኩትም ለዚሁ ነው። ታካሚው ወደምሠራበት የፊዚዮቴራፒ ክፍል ከመምጣታቸው በፊት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ወገቡን የታመመ ሰው የሚሄድበትን መንገድ ሁሉ ሄደውበት ነበር። ፋርማሲው፣ መርፌው፣ ወጌሻው፣ ቀበቶው፣ ኤም አር አይው፣ ማሽኑ፣ ሁሉም ተሞክሯል። ገንዘብ አልቋል፣ ህመሙ ግን አለ።

ጉዳዩን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። ማንነታቸውን የሚያሳብቁ ዝርዝሮችን ቀይሬያለሁ። የሕክምናው ሂደት እንዳለ ነው።

ባለጉዳዩ

ሽሮ ሜዳ አካባቢ የሚሠሩ ሸማኔ ናቸው። ዕድሜያቸው በአርባዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ሽመናን የተማሩት ከአባታቸው፣ በልጅነታቸው፣ ጋሞ ውስጥ ነው። ባለቤታቸው ፈትል ይፈትላሉ። ልጆቹ ተማሪዎች ናቸው።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላብራራ። ሸማኔ የሚቀመጠው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ነው። እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ መርገጫውን ይረግጣል፣ እጁ መወርወሪያውን ወዲህና ወዲያ ይልካል። ተራ ነጠላ ሲሠራ ሰውነቱ ቢያንስ ይንቀሳቀሳል። ጥለት ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ድሩን በጣት እየለቀሙ ባለቀለሙን ክር ማስገባት ነው። አንገት ተደፍቶ፣ ወገብ ጎብጦ፣ ሰዓቱ ሳይታወቅ ይነጉዳል።

ክፍያው በቀን አይደለም፣ በሥራው ነው። ያልተሸመነ ጨርቅ አይከፈልበትም። ነጋዴ ቀብድ ሰጥቶ ከሄደ ደግሞ ቀኑ ተቆርጧል ማለት ነው። በተለይ ለጥምቀት፣ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ። ይህን እዚህ የማነሳው በኋላ ዕቅዱን ሁሉ የወሰነው እሱ ስለሆነ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው «ለጥቂት ሳምንት ዕረፍት ያድርጉ» ማለት «ለጥቂት ሳምንት አይብሉ» እንደማለት ነው።

እኛ ጋ የመጡት ጥቅምት ላይ ነው። ህመሙ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነበር። አንድ ቀን ከጉድጓዱ ሊነሱ ሲሉ ወገባቸው «ያዛቸው»፣ ከዚያ ወዲህ ሙሉ በሙሉ ለቋቸው አያውቅም። ከዜሮ እስከ አሥር ባለው መለኪያ ህመሙን 7 ሰጡት። ከ20 ደቂቃ በላይ መቀመጥ አይችሉም። ሌሊት ሲገላበጡ ይነቃሉ። ላለማጎንበስ ሲሉ ጫማቸውን የሚያስርላቸው ልጃቸው ነበር።

ምን እንደናፈቃቸው ስጠይቃቸው ስለ ሥራቸው ይነግሩኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። መልሳቸው ግን አጭር ነበር። «ስግደት» አሉኝ። ሁለት ሁዳዴ ያለ ስግደት አልፏቸዋል።

እስከዚያ የተሞከረው

ቅደም ተከተሉ ብዙ አንባቢ ራሱን የሚያገኝበት ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ፋርማሲ ነው። ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የህመም ማስታገሻ ያለ ማዘዣ ይገዛሉ። ሲሻላቸው ያቆማሉ፣ ሲብስባቸው ይደግማሉ። ቀጥሎ መርፌ መጣ፣ ዳይክሎፌናክና «የነርቭ ቪታሚን» እየተባለ የሚሰጠው። አንድ ሰሞን ትራማዶል የተባለ ጠንከር ያለ ማስታገሻ ታዘዘላቸውና ራሳቸውን አዞራቸው፣ ሆዳቸውንም አደረቃቸው። በዚህ ሁሉ መሐል ጨጓራቸው መቃጠል ጀመረ፣ ደም ግፊታቸውም ከፍ አለ። ዳይክሎፌናክና መሰሎቹ ጨጓራን ሊያቆስሉ፣ ግፊትን ሊጨምሩ፣ ኩላሊትንም ሊጎዱ እንደሚችሉ የታወቀ ነው። ያዩዋቸው ሐኪም መድኃኒቱን እንዲያቆሙና ሌላ መንገድ እንዲሞክሩ ነገሯቸው። ወደ እኛ የላኳቸውም እሳቸው ናቸው።

ወጌሻ ጋ ሄደዋል፣ በዘይት ታሽተዋል። ለጥቂት ቀን ደህና ይሆኑና ይመለስባቸዋል። ዋግምትም ሞክረዋል። መርካቶ ጠንካራ የወገብ ቀበቶ ገዝተው ቀንም ሌሊትም ያስሩት ነበር። የዕቁብ ብር ወጥቶ ኤም አር አይ ተነሱ። ሌላ ክሊኒክ ውስጥ ደግሞ የሚያሞቅ መብራት፣ የኤሌክትሪክ ማሽንና ወገብ መጎተቻ ተደርጎላቸዋል። ሲጨርሱ የእንቅስቃሴ ሥዕሎች ያሉበት ወረቀት ተሰጣቸው። ወረቀቱ ኪሳቸው ውስጥ ታጥፎ አገኘሁት። እንዴት እንደሚሠራ ግን ማንም አላሳያቸውም።

በመጀመሪያ የተጣራው

የወገብ ህመም አብዛኛውን ጊዜ አደገኛ አይደለም። ከአሥር ሰው ዘጠኙ ላይ ይህ ነው የሚባል አንድ በሽታ ወይም ጉዳት አይገኝም። የቀረውን አንዱን ግን ሳያጣሩ እንቅስቃሴ ማዘዝ አይገባም። እኛ አገር ደግሞ ሁለት ነገር ሳይጠየቅ መታለፍ የለበትም።

አንደኛው የአከርካሪ ቲቢ ነው። ቲቢ ሳንባ ላይ ብቻ የሚቀር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አከርካሪ ውስጥ ሲገባ ቀስ ብሎ አጥንቱን ይበላል። የሌሊት ላብ፣ ትኩሳት፣ መክሳት፣ ጀርባ ላይ የወጣ ጉብታ፣ ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው፣ እነዚህ ሁሉ ይጠየቃሉ። ሁለተኛው ብሩሴሎሲስ ነው፣ ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ። ከብት ያለው ወይም ጥሬ ወተት የሚጠጣ ሰው ላይ ትኩሳትና የወገብ ህመም አብረው ከመጡ ይጠረጠራል።

ከዚያ የቀረው በየትኛውም አገር የሚጠየቀው ነው። ካንሰር ነበረብዎ ወይ፣ ወድቀው ነበር ወይ፣ እግርዎ እየሰነፈ ነው ወይ፣ በብልትና በመቀመጫ ዙሪያ መደንዘዝ አለ ወይ፣ ሽንት መያዝ ወይም መሽናት አቅቶዎታል ወይ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከታዩ ሰውየው በዚያው ቀን ሆስፒታል መግባት አለበት።

ታካሚያችን ላይ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። የእግራቸው ጉልበት፣ የቆዳቸው ስሜትና የጅማት ምላሹ ደህና ነበር። ተኝተው እግራቸውን ቀጥ አድርጌ ሳነሳ ወገባቸውን ወጠራቸው እንጂ ወደ እግራቸው የወረደ ህመም አልነበረም። የደም ምርመራውንም ሐኪማቸው አስቀድመው አሠርተውት ነበር፣ ችግር አልታየበትም።

ከምርመራው ሁሉ ያስገረመኝ ሌላ ነው። ከመቀመጫ ሲነሱ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ ሆዳቸውን ያጠብቃሉ፣ በሁለት እጃቸው ጉልበታቸውን ይደገፋሉ። ወገባቸው እንደ ጣውላ ቀጥ ብሎ ነው የሚነሱት። ሦስት ዓመት ሙሉ ወገባቸውን ሲጠብቁት ኖረዋል።

ኤም አር አይው

ውጤቱን በፕላስቲክ ጠቅልለው ነው ያመጡት። በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አከርካሪ መካከል ያለው ዲስክ (በአጥንቶቹ መሐል ያለው ትራስ መሰል ነገር) መድረቁንና ትንሽ ማበጡን ይገልጻል። ያነበበላቸው ሰው «ዲስክዎ ተንሸራቷል፣ ከባድ ነገር እንዳያነሱ፣ እንዳያጎነብሱ» ብሏቸዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አከርካሪያቸው እንደ ላላ ክምር ነው የሚታያቸው። አንድ ቀን ይናዳል ብለው ይጠብቃሉ።

ይህን ፍርሃት ሳይነኩ ምንም ዓይነት እንቅስቃሴ ማሠራት ከንቱ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀጠሮ አብዛኛውን ያሳለፍነው በወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ግምገማ ወገባቸውን ምንም የማያማቸው 3,110 ሰዎች የተነሱትን ምስል ሰብስቦ ነበር። በ20 ዓመት ዕድሜ ላይ ካሉት 37 በመቶዎቹ ዲስካቸው አርጅቶ ታይቷል። በ40 ዓመት 68 በመቶ፣ በ80 ዓመት 96 በመቶ። የዲስክ ማበጥም በ40 ዓመት ላይ ካሉት ግማሾቹ ላይ ነበር። እነዚህ ሁሉ የማያማቸው ሰዎች ናቸው።

ለእሳቸው የነገርኳቸው በቁጥር አልነበረም። «ፀጉርዎ ሸብቷል፣ ያምዎታል?» አልኳቸው። ሳቁ። ባለቤታቸውም አብረው ነበሩና እሳቸውም ሳቁ። ባለቤታቸው መገኘታቸው በኋላ በጣም ጠቅሞናል። «ተው አታንሳ፣ ተው አትጎንበስ» የሚሉት እሳቸው ነበሩና።

ህመሙ የምናብ ነው አላልኩም። ህመሙ እውነት ነው። ግን ለብዙ ወር የቆየ ህመም ሁልጊዜ የጉዳት ምልክት አይደለም። ነርቮች ስሜታቸው ይጨምራል። ጡንቻ ሁልጊዜ ተወጥሮ ይደክማል። እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ያባብሱታል። ይህን በቀስታ፣ እየደጋገሙ ማስረዳት ራሱን የቻለ ሕክምና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ባወጣው መመሪያ ውስጥም ታካሚን ማስተማር ከሚመከሩት ዘዴዎች አንዱ ነው።

«ዶክተር፣ ማሽኑ የለም?»

በሁለተኛው ቀጠሮ የጠየቁኝ ይህን ነው። ዶክተር አይደለሁም፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ይህን ማስተካከል ግን ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

የማሽኑን ነገር በግልጽ እንነጋገር። የእንግሊዝ የጤና ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2016፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2023፣ ለወገብ ህመም በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሠራውን ቴንስን፣ የአልትራሳውንድ ሕክምናን፣ ወገብ መጎተትንና የወገብ ቀበቶን አይመክሩም። ሁለቱ የማይስማሙበትም አለ። አኩፓንክቸርን የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አማራጭ ይቀበለዋል፣ ናይስ ግን አትስጡ ይላል። ማሸትንና በእጅ የሚደረግ የአከርካሪ ሕክምናን የዓለም ጤና ድርጅት ይቀበላል። ናይስም የሚቀበለው ከእንቅስቃሴ ጋር ከተያያዘ ብቻ ነው።

ታዲያ ማሽኑ ለምን በየክሊኒኩ አለ? ምክንያቱ ቀላል ነው። ታካሚው ይወደዋል፣ ይሞቃል፣ ይንዘረዘራል፣ «ታከምኩ» ያሰኛል። ክፍያውም በቀጠሮ ነው። ባለሙያው ታካሚውን ማሽኑ ላይ አስተኝቶ ሌላ ሰው ማየት ይችላል። እንቅስቃሴ ማስተማር ግን አጠገቡ መቆምን ይጠይቃል። በእኔ ግምት ለአንድ ታካሚ ከሁሉ የሚበልጠው ብክነት ይሄ ነው።

ለታካሚያችን ማሽን አላደረግንም። በምትኩ ቤት ውስጥ ሙቀት እንዲጠቀሙ ነገርናቸው። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ማታ ወገባቸው ላይ። ህመሙን ለጊዜው ያላላል፣ ዋጋውም ምንም አይደለም። መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ በየቀጠሮው ለጥቂት ደቂቃ እናሸቸው ነበር። ዓላማው ለመንቀሳቀስ እንዲደፍሩ ነው፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ቀነስነው።

ወጌሻውን በተመለከተ እንዳይሄዱ አልከለከልኳቸውም። መታሸቱ ከጠቀማቸው ይታሹ። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቅኳቸው። ወገባቸውን በኃይል የሚጠመዝዝ ካለ እንዳይፈቅዱ፣ ዋግምት የሚደረግም ከሆነ ምላጩ አዲስ መሆኑን በዓይናቸው እንዲያዩ። በጋራ ምላጭ ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስና ኤች አይ ቪ ይተላለፋል።

እንቅስቃሴው

የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ግምገማ 249 ጥናቶችን አሰባስቧል። እንቅስቃሴ ምንም ካለመታከም ጋር ሲነጻጸር ህመሙን ከመቶ 15 ነጥብ ያህል ይቀንሳል። ተአምር አይደለም። ግን ጨጓራ አያቆስልም። ዮጋ ይሁን፣ ታይ ቺ የሚባለው ዝግ ያለ የቻይና እንቅስቃሴ ይሁን፣ ጡንቻ ማጠንከር ይሁን፣ ዋናው ሰውየው የሚቀጥልበት መሆኑ ነው።

ስለዚህ ያቺን ባለብዙ ሥዕል ወረቀት ትተን በሦስት ጀመርን። በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን ወደ ደረት መሳብ። በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ ዳሌን ማንሳት። ከበርጩማ በእጅ ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ። ሦስተኛው ቀላል ይመስላል። ለእሳቸው ግን ከሁሉ ከባዱ ነበር፣ ምክንያቱም ትንፋሽ ሳይያዝ፣ ወገብን ሳያጠብቁ ማጎንበስን ይጠይቃል። በኋላ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ተቃራኒ እጅና እግር መዘርጋትን ጨመርን።

የታዘዘው መጠን በጣም ትንሽ ነበር። ሆን ተብሎ ነው። ደግ ቀን ላይ ብዙ ሠርቶ በማግስቱ መተኛት፣ ከዚያ ተስፋ መቁረጥ፣ ይህ በሥር ሰደድ ህመም ላይ ዘወትር የሚታይ ነው። ደንባችን «ህመሙ ቢነሳም ባይነሳም የታዘዘውን ያህል ብቻ» የሚል ነበር። በየሳምንቱ ጥቂት እንጨምራለን። ሲሠሩ ትንሽ ማመሙ ችግር የለውም፣ እስከ ማግስቱ ጠዋት ወደነበረበት ከተመለሰ።

የእግር ጉዞም ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት፣ ከወገብ ህመም ገና ያገገሙ 701 ሰዎችን ተከታትሏል። በባለሙያ እየተመከሩ በእግር እንዲሄዱ ከተደረጉት ግማሾቹ ላይ ህመሙ እስኪመለስ 208 ቀን ፈጅቷል፣ ከሌሎቹ ግማሾቹ ላይ ግን 112 ቀን። የእኛ ሰው ገና ያላገገሙ ስለሆነ ጥናቱ በቀጥታ እሳቸውን አይመለከትም። ቢሆንም መራመድ ነፃ ነው፣ ጉዳትም የለውም።

በመጀመሪያ የያዝነው ሰዓት ማታ ከሥራ በኋላ ነበር፣ አልሆነም። ሽሮ ሜዳ ዳገት ነው፣ ማታ ጨለማ ነው፣ ውሻ አለ። ደክሟቸውም ይገባሉ። ወደ ጠዋት አዛወርነው። ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ሲመለሱ ዞር ባለው፣ ረዘም ባለው መንገድ እንዲመጡ። አዲስ ልማድ ከመትከል የነበረውን ማስረዘም ይቀላል። ይህኛው ያዘ።

ጉድጓዱ

አንድ ቀን የሥራ ቦታቸውን ለማየት ሄድኩ። ክሊኒክ ውስጥ ተቀምጦ የሸማኔን ወገብ ማከም አስቸጋሪ ነው።

የሚቀመጡበት ጣውላ ጠባብ ነበር፣ ወደ ፊትም ያዘነበለ። መርገጫው ራቅ ያለ ስለሆነ እግራቸውን ሲዘረጉ ዳሌያቸው ወደ ኋላ ይንከባለላል፣ ወገባቸውም ይጎብጣል። ጣውላውን ሰፋ አደረጉ፣ ታጥፎ የተደረበ ብርድ ልብስ አስቀመጡበት፣ መርገጫውን በገመድ አሳጠሩት። ይህን ሁሉ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። እኔ ስለ ሽመና ዕቃ ምን አውቃለሁ? ምቾቱ ጨመረላቸው። ግን እውነቱን ለመናገር ከአቀማመጡ ይልቅ የጠቀማቸው ከተቀመጡበት መነሳቱ ነው። ለብዙ ሰዓት የማይጎዳ አቀማመጥ የለም።

መነሳቱን እንዴት እናስታውስ? ሰዓት አያዩም። ስለዚህ በሸማኔ መለኪያ ሄድን። አንድ ክንድ በሸመኑ ቁጥር ከጉድጓዱ ይወጣሉ፣ ወገባቸውን ጥቂት ጊዜ ወደ ኋላ ይለጥጣሉ፣ ግቢውን ዞረው ይመለሳሉ። ለተራ ሽመና ጥሩ ሠራ። ጥለት ላይ ግን አንድ ክንድ ዘላለም ይፈጃል። እዚያ ላይ የስልክ ደወል ተጠቀምን። ደወሉን ሌሎቹ ሸማኔዎችም ለመዱት። ሲጮህ «ጋሼ፣ ተነሱ» እያሉ አብረው ይነሱ ጀመር። ይሄን ማንም አላቀደውም።

የጥምቀት ሰሞን

ታኅሣሥ ላይ ትእዛዝ ጎረፈ። ክንድም ደወልም ተረሳ። እስከ ሌሊት ይሠራሉ። ገና ሳይደርስ ወገባቸው ክፉኛ ያዛቸው። ህመሙ ወደ 8 ወጣ። ቀጠሮም ቀሩ።

እንዲህ ያለ ማገርሸት እንደሚመጣ ቀድመን ተነጋግረንበት ነበር። ምን እንደሚደረግም በአማርኛ ጽፈን ባለቤታቸው ጋ አስቀምጠናል። ሥራውን ማቆም የለም፣ መቀነስ ግን አለ። ሙቀት፣ አጭር አጭር ጉዞ፣ ከሦስቱ እንቅስቃሴ ቀላሉን ብቻ። አልጋ ላይ መዋል የለም። አደገኛ ምልክት ከታየ ሆስፒታል።

በተግባር የሆነው ግማሽ ግማሹ ነው። ሥራውን አልቀነሱም፣ ቀብድ በልተዋልና። ዳይክሎፌናክም ለጥቂት ቀን ገዝተው ወሰዱ፣ ጨጓራቸውም አስታወሳቸው። ግን አልተኙም። ቀበቶውንም አላሰሩም። በፊት እንዲህ ያለ ማገርሸት ከወር በላይ ያሰቃያቸው ነበር። ይህኛው ከጥምቀት በፊት ረገበ። ከዚያ በኋላ ራሳቸው አንድ ነገር አደረጉ። ለሚቀጥለው በዓል ከነጋዴው ጋር ሲነጋገሩ ቀኑን አስረዘሙ፣ ጥቂቱን ሥራ ደግሞ ለወንድማቸው ልጅ ሰጡ። ገቢያቸው በዚያ በዓል ቀንሷል። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ከመድኃኒት ውጭ ያለ ሕክምና ነፃ ነው ሲባል እንዲህ ያለው ወጪ አይቆጠርም።

ስግደት

ስግደት ከሕክምናችን ሁሉ መሐል ያለው ነው። ሰውነት ሙሉ በሙሉ ይታጠፋል፣ ግንባር መሬት ይነካል፣ ከዚያ ይነሳል። ወገቡ እንዳይሰበርበት ለሚፈራ ሰው ከዚህ የባሰ የለም። በሌላ በኩል እሳቸው ከልባቸው የሚፈልጉት እንቅስቃሴ ይሄ ብቻ ነው። ከየትኛውም የስፖርት ሥዕል ይበልጣል።

የንስሐ አባታቸው ቀደም ሲል «የታመመ ሰው አይገደድም» ብለዋቸው ነበር። ቃሉ የርኅራኄ ነው። እሳቸው ግን የሰሙት «አዎ፣ ወገብህ አልቆለታል» የሚለውን ነው። ሄደው እንዲያማክሯቸው ጠየቅኳቸው። አባም «በጥቂቱ ጀምር፣ ባለሙያው እንዳለህ» አሏቸው። ያቺ አንዲት ቃል የእኔን የብዙ ቀጠሮ ንግግር ታህል ነበር።

ጥር ላይ በደረጃ ጀመርን። አንደኛ፣ ወንበር ይዞ መንበርከክና መነሳት። ሁለተኛ፣ ተንበርክኮ ክንድን ከፍ ያለ ትራስ ላይ ማሳረፍ። ሦስተኛ፣ ዝቅ ያለ ትራስ። አራተኛ፣ መሬት። በየደረጃው ትንፋሽ አይያዝም። መሬት በነኩበት ቀን ተነስተው ወገባቸውን ዳሰሱ። ምንም አልሆነም። ሁለተኛ ደገሙት።

ሁዳዴ ሲገባ በቀን ጥቂት ስግደት ይዘው ገቡ፣ በየሳምንቱ እየጨመሩ። ቅዳሜና እሑድ ስለማይሰገድ የዕረፍት ቀኑ በሥርዓቱ ተቀምጧል። እኔ ባወጣው ከዚያ የተሻለ መርሐ ግብር አይሆንም ነበር። የስቅለት ዕለት ከሰዎቹ እኩል አልሰገዱም። ጥቂት ይሰግዳሉ፣ መቋሚያ ተደግፈው ያርፋሉ፣ እንደገና ይሰግዳሉ። በማግስቱ ጭናቸውን አሟቸዋል፣ ወገባቸው ግን አላገረሸም።

የሠራውና ያልሠራው

ከፋሲካ በኋላ ስንለካ ህመሙ 3 ነበር፣ አንዳንድ ቀን 4። አልጠፋም። ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጠው መሥራት ይችላሉ። ሌሊት የሚነቁት አልፎ አልፎ ነው። ጫማቸውን ራሳቸው ያስራሉ።

በእኔ ፍርድ ትልቁን ሥራ የሠሩት የፍርሃቱ መቀነስ፣ በልክ የተያዘው እንቅስቃሴና ስግደቱ ናቸው። ሙቀትና መታሸት አገዙ፣ ብቻቸውን ግን ቀድሞም ተሞክረው አልበቁም። የጣውላው መስተካከል ትንሽ ረዳ።

ያልሠራም አለ። ለመኝታ ሰዓት የሰጠኋቸውን የትንፋሽና የጡንቻ ማላላት ልምምድ ከሳምንት በላይ አልቀጠሉበትም። «ጸሎቴ ይበቃኛል» አሉኝ። ማታ ዳዊት ሲደግሙ ቀስ ብለው ይተነፍሳሉና አልተከራከርኩም። የሥነ ልቦና ባለሙያ ቢያያቸውም ጥሩ ነበር። ለሥር ሰደድ የወገብ ህመም የባሕርይና የአስተሳሰብ ሕክምና ይመከራል። በአቅማቸው የሚገኝ ግን አላገኘንም። ፊዚዮቴራፒስቱ ያን ሥራ በከፊል መሸከሙ ጥሩ መፍትሔ አይደለም፣ ያለው ግን እሱ ነበር።

ለሌላው የሚተርፈው

የወገብ ህመም፣ በተለይ ከሦስት ወር በላይ ከቆየ፣ ዕረፍት መድኃኒቱ አይደለም። ጥያቄው «ምን ያህል ልረፍ?» ሳይሆን «በምን ያህል ልጀምር?» ይሁን። መልሱ ብዙ ጊዜ ከምታስቡት ያነሰ ነው።

ኤም አር አይ አደገኛ ምልክት ሲኖር ወይም ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ይጠቅማል። ከዚያ ውጭ የዕቁብ ብር ባይወጣበት ይሻላል። ከተነሣችሁም «ይህ በዕድሜዬ ባሉ ጤነኞች ላይ ይታያል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ግቡ የባለቤቱ ይሁን። ለአንዱ ስግደት ነው፣ ለሌላው ልጅ ማዘል፣ ለሌላው እንጀራ መጋገር። ያንን በደረጃ ከፋፍሎ መለማመድ ይቻላል። ቤተሰቡን ያስገቡ። «ተው አትንካ» የሚል ቤተሰብ ካለ ዕቅዱ ከክሊኒኩ በር አያልፍም።

ማገርሸቱን ቀድሞ ማቀድ ያስፈልጋል፣ በተለይ ሥራው በዓል ተከትሎ ለሚጎርፍ ሰው። ልብስ ሰፊም፣ ሹፌርም፣ ነጋዴም እንዲሁ ነው።

በመጨረሻ የገንዘቡ ነገር። ለጥቂት ቀጠሮ ብቻ የሚከፍል አቅም ያለው ሰው አንዱን ለሙሉ ምርመራ፣ አንዱን እንቅስቃሴውን ባለሙያው እያየ ለመማር፣ የቀረውን በሳምንታት ርቀት ለክትትል ያውለው። ቀጠሮ ከመያዙ በፊትም በስልክ አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ባለሙያው እንቅስቃሴውን አብሮኝ ቆሞ ያሠራኛል ወይስ ማሽን ላይ እተኛለሁ?